ጅማ፦ የሰፈር ሰው ስለ ክትባትና ስለ ክረምት በሽታ ሲጠይቅ ምን እንበል?

የቆጪ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ያላችሁ ወይም ጅማን የምታውቁ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የሰፈራችን የሴቶች እድር በየወሩ ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል፣ መዋጮ ይከፈላል፣ ጨዋታው ይደራል። ዘንድሮ ዝናቡ ሲከብድ የሰፈሩ ልጆች ተራ በተራ ማሳል ጀመሩ። ባለፈው ስብሰባ አንዷ እናት «አስከትቤው ሳምንት ሳይሞላው ጉንፋን ጣለው፤ ከእንግዲህስ አልወስደውም» አለች። ብዙዎቹ «እውነትሽን ነው» አሏት። እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፣ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ ጠይቀሽ ንገሪን ብለውኛል።

ስብከት እንዲሆን አልፈልግም። ሰው ስብከት ሰልችቶታል። የሚጠይቁትን በቀላሉ መመለስ ነው የምፈልገው። ተከትቦ ለምን ታመመ? ከመርፌው በኋላ የሚመጣው ትኩሳት ምንድነው? ኩፍኝ እንደሆነ ድሮም ነበር፣ ምን አዲስ ነገር አለው? ለሴት ልጆች የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር ክትባት መካን ያደርጋል የሚባለውስ? እባካችሁ የምታውቁትን ወዲህ በሉ።

ሲስተር ከቦሳ

እህቴ፣ ተባረኪ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። ክትባት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁሉ በፊት ክትባት ምን እንደማያደርግ ንገሪያቸው። እኛ ባለሙያዎች «ልጅሽን ከበሽታ ይጠብቅልሻል» ብለን እንሸኛለን። እናትየዋ ቤቷ ስትደርስ ከሁሉም በሽታ ብላ ይዛዋለች። ልጁን ጉንፋን ሲይዘው ተታለልኩ ብታል አይፈረድባትም።

ስለዚህ በሽታዎቹን በስም በስማቸው ጥሪላቸው። ሲወለድ የሚሰጠው ቢሲጂ ለከባድ የሕፃናት ቲቢ ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚወጋው ፔንታ ለዘጊ አናዳ፣ ለትክትክ፣ ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ለጉበት በሽታ ቢ እና ሂብ ለሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ይሄኛው ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ያመጣል። አብሮት በሌላኛው ጭን የሚወጋው ፒሲቪም ለሳንባ ምች ነው። ሮታ ለተቅማጥ፣ ጠብታው ለልጅነት ልምሻ። ኩፍኝ በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር። ጉንፋን እዚህ ውስጥ የለም። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው። ትንሽ ልጅ በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ቢይዘው ያለ ነገር ነው። ክረምት ሲሆን በር ይዘጋል፣ ቤተሰቡ አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል፣ አንዱ ካሳለ ሁሉም ያስላል። መርፌውና ጉንፋኑ በአንድ ሳምንት ስለተገጣጠሙ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም።

ትኩሳቱንም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከፔንታ በኋላ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይመጣል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ሰውነቱ ክትባቱን አውቆ መከላከያውን እያዘጋጀ ነው። የኩፍኙ ግን ለየት ይላል። ትኩሳቱና ቀለል ያለ ሽፍታው የሚታየው ከሳምንት በኋላ፣ እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ይህን ያልተነገራት እናት «ክትባቱ ራሱ ኩፍኝ አመጣበት» ብላ ትደነግጣለች። ቢሲጂ የተወጋበት ቦታ ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ደርቆ ጠባሳ ይሆናል። ቅቤም ቅጠልም አይደረግበት።

ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ልጁ ጡት እምቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሳይታደር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የፈረንጅ አራዳ እናት

ሲስተር፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ግን የእኛንም ስሙን። የ9 ወሩን ኩፍኝ ላስከትብ ልጄን አዝዬ በዝናብ ሄጄ «ዛሬ ልጅ አልሞላም፣ ብልቃጥ አይከፈትም፣ ሌላ ቀን ነይ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ቦታውን አልጠራም። የቀን ሥራ የምትሠራ ሴት አንድ ቀን ከቀረች የዕለት ጉርሷ ነው የሚቀረው። ሁሉም ሰው ክትባት ስለጠላ አይደለም የሚቀረው። ሰውን እናስተምር ስትሉ ይሄም ይታሰብበት።

ሲስተር ከቦሳ

ልክ ነሽ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ማስተባበያ ግን እንዳይመስልሽ። የኩፍኝ ክትባት ደረቅ ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ይበቃል። በራሱ ማሟሟያ ከተበጠበጠ ግን 6 ሰዓት ነው ዕድሜው፤ የተረፈው ይጣላል። ብክነት ፈርተው ልጆች እስኪሰበሰቡ የሚጠብቁ አሉ። ትክክለኛው አሠራር ለአንድም ልጅ ቢሆን መክፈት ነው። ልጅ ከሚመለስ ብልቃጥ ቢባክን ይሻላል። የተመለሰች እናት ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች።

እድር ሊያግዝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። የኩፍኝ ቀን መቼ እንደሆነ ጤና ጣቢያውን ጠይቁ፣ የደረሱ ልጆች ያሏቸውን እናቶች በአንድ ቀን ላኩ። አንዷ የሌላዋን ልጅ ይዛ ብትሄድም ካርዱ እስካለ ድረስ ይሠራል።

ደግሞ «መብራት ሲጠፋ ክትባቱ አይበላሽም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ብልቃጡ ላይ ክብ ምልክት አለ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኑ ከክቡ ፈዘዝ ካለ ክትባቱ ሙቀት አልጎዳውም። ሙቀት በነካው ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል፤ ከክቡ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ አይሰጥም። «እስቲ አሳዩኝ» ማለት መብታችሁ ነው። እኔ ራሴ ሳልጠየቅ አሳያለሁ። አንዴ በዓይኗ ያየች እናት ለጎረቤቷ ሳትነግር አትቀርም።

የጅሬን ሽማግሌ

ልጆቼ፣ «ኩፍኝ ድሮም ነበር» ለሚሉት አንድ ነገር ልበል። ፈንጣጣም ድሮ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ፊቱ በፈንጣጣ የተጎዳ ሰው ማየት ብርቅ አልነበረም። ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ እኛ አገር በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። መንገድ አልነበረም። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ነበር የሚሄዱት። ጫፏ እንደ ሹካ ሁለት የሆነች መርፌ ነበረቻቸው፤ ክንድ ላይ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ያደርጓታል። ሲመጡ ጫካ የሚገባም ሰው ነበር። ነሐሴ 1968 የመጨረሻው ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ። በ1972 ዓለም በሙሉ ከፈንጣጣ ነፃ ናት ተባለ። ዛሬ ያለው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረውም በዚያው በ1972 ነው።

የዚያን ጊዜው ጠባሳ ክንዴ ላይ አለ። የልጅ ልጆቼ ክንድ ላይ ያለው ግን የቢሲጂ ነው። የፈንጣጣውን ዛሬ ማንም ልጅ አይወጋም፤ በሽታው የለማ። ክትባት ብዙ ሰው ሲይዘው እንዲህ ያለ ቦታ ያደርሳል። ፈንጣጣን የማያውቅ ትውልድ መርፌውን ብቻ አይቶ ቢጠራጠር አልገረምም። በሽታውን አላየውማ።

የሕክምና ተማሪ

ጋሼ ጥሩ ብለዋል። ስለ ኩፍኝ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም እኛ ጋ በጣም የሚናቅ በሽታ ነው።

ኩፍኝ ከሚታወቁት በሽታዎች ሁሉ በፍጥነት ከሚተላለፉት አንዱ ነው። ታማሚው ከክፍሉ ወጥቶ እንኳ ቫይረሱ አየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሽፍታው ሳይወጣ ከአራት ቀን ጀምሮ ያስተላልፋል። ማለትም ገና «ጉንፋን ነው» እየተባለ ነው ሌላውን የሚይዘው። ለዚህ ነው 95 ከመቶ ልጆች ሁለቱንም ዙር መውሰድ ያለባቸው የሚባለው። በ9 ወር ብቻ የተከተቡ ልጆች ሁሉ አይጠበቁም፤ ከመቶው ወደ 15 የሚሆኑት ላይ የመጀመሪያው አይዝም። የ15 ወሩ እነሱን ለመያዝ ነው። እኛ አገር ሁለተኛው ዙር የገባው በ2011 ነው፤ ስለዚህ ትላልቅ ልጆቻቸውን በአንድ ዙር ያሳደጉ እናቶች «ለምን ድጋሚ?» ቢሉ አይገርምም።

ሌላው፣ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ «መርፌ አይወድም» ተብሎ ጨለማ ቤት ይተኛል። እንግዳ አይገባም፣ ሽታ ይመታዋል ይባላል። ልጁን ለይቶ ማስቀመጡ መልካም ነው፤ ሌሎች ልጆችን ያድናል። ሐኪም ቤት መቅረቱ ነው አደገኛው። ኩፍኝ ራሱ ከሚገድለው ይልቅ የሚያስከትለው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው የሚገድለው። ዓይንም ያሳውራል። ጤና ጣቢያ ከደረሰ ቫይታሚን ኤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ይሰጠዋል፤ እሱም በአፍ የሚጨመቅ ነው፣ መርፌ አይደለም። አያቴን ያሳመናት ይቺ ብቻ ናት። «መርፌ ካልሆነ እሺ» አለች።

የአጂፕ አባት

እኔ የምጠይቀው ስለ ሴት ልጆቹ ነው። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት እንከትባለን ሲሉ ቅሪ ብያታለሁ። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ስለምሳሳላት ነው። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ወሬ ሰማን፣ ከዚያ ወዲህ ማንን እንደምናምን ግራ ገብቶናል። ለምን ሴቶች ብቻ? ለምን በዚህ ዕድሜ? መካን ያደርጋል የሚባለውን ደግሞ ከታላላቅ ሰዎች ነው የሰማሁት።

መምህርት

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የአባት ጥያቄ ነው። እኔም የሴት ልጅ እናት ነኝ፣ ሰባተኛ ክፍልም አስተምራለሁ። ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገርህ።

ክትባቱ የማህፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ነው። እኛ አገር ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ያለው እሱ ነው። ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ከተወሰደ ነው፤ ስለዚህ ነው በልጅነት የሚሰጠው። ሴቶች ቅድሚያ ያገኙት የማህፀን በር ያላቸው እነሱ ስለሆኑ ነው። በአንዳንድ አገሮች ወንዶችም ይከተባሉ።

ውስጡ ሕያው ቫይረስ የለም። የቫይረሱን የላይኛውን ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው። ማህፀንም ዕንቁላልም ላይ የሚሠራው ነገር የለም። ዓለም ላይ መሰጠት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1998 ነው። ሩዋንዳ በ2003 ጀምራለች። ያኔ የተከተቡት ሴቶች ዛሬ ልጅ ወልደው እያሳደጉ ነው። እኛ በ2011 ለ14 ዓመት ልጆች ጀመርን፤ ኅዳር 2017 ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በሙሉ፣ በአንድ መርፌ ብቻ ሆነ። ልጄን አስከትቤያታለሁ። ክንዷን ትንሽ አመማት፣ በማግሥቱ ገመድ ስትዘል ነበር።

መካን የሚያደርገውስ ካንሰሩ ነው። ሲብስ ማህፀን እስከ ማውጣት ያደርሳል።

የአጂፕ አባት

አመሰግናለሁ መምህርት። እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከእናቷ ጋር እንመካከራለን። ጤና ጣቢያም ሄጄ ራሴ እጠይቃለሁ።

ፋርማሲ መርካቶ

እኔ የማነሳው የክረምቱን ሳል ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ሰው ፋርማሲ መጥቶ «ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ይላል። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይገድልም። ያለ ቦታው ሲወሰድ ሲቆይ የሚፈለግበት ቀን መድኃኒቱ አይሠራም። እባካችሁ ይሄን እድሩ ላይ ንገሩልን። እኛ እምቢ ስንል «ብር ይዤ መጥቼ» ብለው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ።

ለጉንፋን ዝንጅብል፣ ሞቅ ያለ ሻይ፣ ጤና አዳም በቡና፣ ማንም አይከለክልም። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም። ሳሉ ጸናበት ብሎ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ይቅር። አሁንም የሚያደርጉት አሉ፤ ልጁ ይደማል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሳሉም አይለቀውም።

ዋናው ጉንፋንን ከሳንባ ምች መለየት ነው። ይሄን ማንም እናት ቤቷ ልታደርገው ትችላለች። ልጁ ሳያለቅስ ጋደም ሲል ልብሱን ገለጥ አድርጋ ደረቱን ትይ። ስልኳ ላይ አንድ ደቂቃ ትያዝ፣ ሆዱና ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ብላ ትቁጠር። ከ2 ወር እስከ ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ ደግሞ አጣዳፊ ነው፤ በማታም ቢሆን ባጃጅ ጠርታ ትሂድ። አሞክሳሲሊኑ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፣ ባለሙያ አይቶት።

የአጋሮ መንገድ

ወገኖቼ፣ የክረምት በሽታ ስትሉ ወባን አትርሱ። ጅማ ከተማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ወባ እስከ 2,000 ሜትር ይደርሳል። የእኛ ችግር ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ቡና የሚለቀምበት ነው። ሰው ከደጋው ወርዶ ጎማና ሊሙ ቡና ሊለቅም ይሄዳል፣ ሜዳ ላይ ያድራል፣ አጎበሩን ቤት ጥሎ። እናቶች ሕፃን አዝለው ነው የሚወርዱት። የክትባት ቀኑ እዚያው ያልፋል። ከጅማ ሳይወጡ ካርዱን አይተው ቀኑ የደረሰውን ቢያስከትቡ፣ አጎበርም ጠቅልለው ቢይዙ ብዙ ነገር ይቀል ነበር።

በፈረንጆቹ 2024 እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ አገሪቱ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል፤ ከሁሉም ክልል በላይ የተጎዳው ኦሮሚያ ነው። ትኩሳት ሲሆን «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ሦስት አራት ቀን መቆየት ሕይወት ያስከፍላል። ዳማከሴውን የሚወድ ይጠጣ፣ ግን በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። «ወባዬ ተነሳብኝ» የምንለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ይመለሳል። ለእሱ ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ተሻለኝ ብሎ መሃል ላይ ማቋረጥ የለም።

የማና ልጅ

አጭር ነገር፦ በኦሮምኛ ተናገሩ። እድሩ ውስጥ አማርኛ የሚሰሙ ግን የማይጠይቁ እናቶች አሉ፤ በቋንቋቸው ሲሆን ነው ጥያቄው የሚወጣው። ኢማሞቹንም አትዝለሏቸው። የእኛ ሰፈር ኢማም የራሳቸውን የልጅ ልጅ ይዘው ለጠብታ ሲቆሙ ነው ወሬው የበረደው።

የቆጪ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስብሰባው ተካሄደ፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ንግግር አላደረግሁም። አቦል እስኪጠጣ ጥያቄያቸውን ብቻ ሰማሁ። ኦሮምኛውን ጎረቤቴ አገዘችኝ። የማና ልጅ፣ እውነትህን ነው፤ አማርኛ ሲሆን ዝም ይሉ የነበሩት ሁለት አሮጊቶች ከሁሉም በላይ ጠየቁ። ከዚያ ሲስተር እንዳለችው ክትባት ስለማያደርገው ነገር ጀመርኩ። «ጉንፋን አይከለክልም» ስል ያቺ እናት «ታዲያ ይሄን ለምን አልነገሩኝም?» አለች። ተቆጥታ ነበር፣ ግን ሰማችኝ። ልጇን ታስከትብ አታስከትብ አላውቅም፣ አልጫንኳትም። ካርዱን ግን ከቤቷ አምጥታ አሳየችኝ።

የብዙዎቹን ቀልብ የሳበው የትንፋሽ ቆጠራው ነው። እዚያው ምንጣፉ ላይ የተኛ ልጅ ነበር። ሸሚዙን ገለጥ አድርገን፣ የአንዷን ስልክ ይዘን ሁላችንም ቆጠርን። አንዷ 34 አለች፣ አንዷ 36። ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ደህና ነበር። ድጋሚ እንቁጠር አሉ። ሰው በእጁ የሞከረውን ነው የሚይዘው።

አንድ መመለስ ያቃተኝ ጥያቄ አለ። አንዷ ልጇን ሁለተኛውን ፔንታ አስከትባ ቡና ለቀማ ሄዳ ቀርታለች። ልጁ አሁን 11 ወሩ ነው። «ከመጀመሪያው ልጀምር ይሉኛል፣ ይቆጡኛል» ብላ ፈርታለች። ሲስተር፣ ምን ልበላት?

ሲስተር ከቦሳ

ከመጀመሪያ አይጀመርም። የወሰደው አይጠፋም፤ የቀረው ይሞላለታል። ሦስተኛውን ፔንታና የቀሩትን፣ 9 ወር ስላለፈው ደግሞ ኩፍኙንም በአንድ ቀን መውሰድ ይችላል። ቀለል ያለ ጉንፋን ቢኖረውም አያስቀርም። ካርዱ ቢጠፋ እንኳ ትምጣ፣ መዝገብ ላይ እንፈልገዋለን።

መቆጣቱን በተመለከተ፣ ስጋቷ ይገባኛል። እኔ ያለሁበት ከሆነ ማክሰኞ ጠዋት ትምጣና በእኔ በኩል ትግባ። ሌላ ጤና ጣቢያ ከሆነ የሚቀርባት አንቺ አብረሻት ሂጂ። ብቻዋን አትላኪያት።

የቆጪ ልጅ

ማክሰኞ ይዣት እመጣለሁ። የፈረንጅ አራዳ እናት፣ ልጅሽ ኩፍኙን ካልወሰደ አንቺም ነይ፤ አንድ ላይ እንሂድ።

የፈረንጅ አራዳ እናት

እመጣለሁ። ጎረቤቴም 15 ወር የሞላው አላት፣ እነግራታለሁ።